የቃል ማስረጃ ኀይልና ወሰን

ቃል የተናጋሪውን ማንነት ይገልጣል የሚለው አሳብ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን የሰው ነጻነት ወይም ሕይወት በቃል ማስረጃ ላይ በሚቆምበት ጊዜ፥ ቃል የሚያስረዳውንና የማያስረዳውን መለየት ግድ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት የነፍስ ግድያ ጉዳዮችን በመመርመር ይህን ወሰን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፊተኛው የቲሞቲ ኢቫንስ ጉዳይ ነው። ኢቫንስ በለንደን ከተማ በሪሊንግተን ፕሌስ በቊጥር 10 ቤት ይኖር ነበር። በ1949 ሚስቱና ሕፃን ልጁ በዚሁ ግቢ ተገድለው ተገኙ። ማንበብና መጻፍ በደንብ የማይችለው ይህ ሰው ለፖሊስ አራት ጊዜ ቃሉን ሰጠ፤ ቃሎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። በለንደን ፖሊሶች በጻፉት ቃል ሁለቱንም እንደ ገደለ አምኗል ተባለ። ስለዚህ ልጁን በመግደል ወንጀል ተፈርዶበት ማርች 9 ቀን 1950 ተሰቀለ። በ1953 ግን በዚያው ቤት ታችኛ ክፍል ይኖር የነበረው ጆን ክሪስቲ ብዙ ሴቶችን መግደሉ ታወቀ፤ የኢቫንስንም ሚስት እንደ ገደለ አመነ። እርሱም በዚያው ዓመት ተሰቀለ። ኢቫንስ ምሕረት የተደረገለት ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ በ1966 ነው።

በ1968 የስዊድኑ የቋንቋ ሊቅ ያን ስቫርትቪክ እነዚህን ቃሎች መረመረ። ዐረፍተ ነገሮቹ እንዴት እንደ ተያያዙ ቈጥሮ ሲያነጻጽር፥ ኢቫንስን ጥፋተኛ የሚያደርጉት ክፍሎች አነጋገር ከቀሩት የተለየ ሆኖ አገኘው። የጽሑፉ መጠን ጥቂት ስለ ሆነ ግን ድምዳሜውን በጥንቃቄ አቀረበ። ፎረንሲክ ሊንጉስቲክስ የተባለው ጥናት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካ የተፈጸመው የቴዎዶር ካዚንስኪ ጉዳይ ነው። ይህ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ከ1978 እስከ 1995 ድረስ 16 ቦምቦችን ልኮ ወይም አስቀምጦ 3 ሰዎችን ገደለ፤ 23 አቈሰለ። በ1995 ጽሑፉ ከታተመለት መግደሉን እንደሚተው አስታወቀ፤ 35,000 ቃላት ያሉትም ጽሑፍ ሴፕቴምበር 19 ቀን በዋሽንግተን ፖስት ወጣ። ወንድሙ ዴቪድ አነጋገሩን በመጠርጠር ቀድሞ የተጻፉ ደብዳቤዎችን ለመርማሪዎች አቀረበ። ለምሳሌ ኬክን በልቶ ኬኩ እንዲቀር መፈለግ አይቻልም የሚለውን የእንግሊዝ ተረት ብዙ ሰው ማስቀረትን አስቀድሞ ሲናገረው፥ በታተመው ጽሑፍም በቤተሰቡ ደብዳቤም መብላት ቀድሞ ተገኘ። በዚህና በሌሎች ተመሳሳይነቶች የብርበራ ትእዛዝ ተሰጠ፤ ኤፕሪል 3 ቀን 1996 በሞንታና ጎጆው ሲበረበር የተዘጋጀ ቦምብና የጽሑፉ ረቂቅ ተገኙ።

ሆኖም ይኸው ሰው ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት፥ በጁን 1995፥ ከሎስ አንጀለስ የሚነሣ አውሮፕላን እንደሚያፈነዳ ዝቶ ነበር፤ ወዲያውም በሌላ ደብዳቤ ዛቻው ቀልድ ነው አለ። የሁለቱ ደብዳቤዎች ጸሐፊ አንድ መሆኑን ቋንቋ ሊያስረዳ ይችላል፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ግን ሊያስረዳ አይችልም። ዛቻው ሊናቅ የማይገባው፥ በ1979 በእርግጥ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ቦምብ አስጭኖ ስለ ነበር ነው። አደጋው የሚመዘነው ከቃሉ ይልቅ ባለፈው ሥራው ነው።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል። ይኸውም፦ ጽሑፉ የማን ነው? በተከሳሹ ስም የተጻፈው ቃል በእርግጥ የእርሱ ነውን? የዛተውንስ ይፈጽማልን? ለፊተኛው ማመሳከሪያ ጽሑፍ ከተገኘ የቋንቋ ጥናት ብርቱ ረዳት ነው። ለሁለተኛው፥ ቃሉ ከተናጋሪው አፍ እንደ ወጣ ካልተጻፈ ምርመራው ጥርጣሬን ከማስነሣት አያልፍም። ለሦስተኛው ግን ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የሰውዬው ሥራ፥ ችሎታና መሣሪያ አብረው መመርመር አለባቸው። ሦስቱን የሚያደባልቅ መርማሪ ንጹሑን ሊያሰቅል፥ አደገኛውንም ሊለቅ ይችላል።