ባይራ እና የተቀየረው ርዕስ

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ (ከጎጃሟ ሞጣ ጋር እንዳይምታታባችሁ)። በጦርነት ጊዜ ሰው ይሸሸግበት ነበር። ለተመራማሪዎች ያሳዩትም የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። በ2012 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ካትሪን አርተር፣ ጆን አርተርና ባልደረቦቻቸው ቆፍረው ከድንጋይ ክምር ሥር የአንድ ወንድ አጽም አገኙ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው።

ሙቀት ዲ.ኤን.ኤ.ን ያጠፋዋል። የባይራ ግን በቀዝቃዛው ዋሻ ውስጥ፣ ጆሮ አጠገብ ባለ ጠንካራ አጥንት ውስጥ ተርፎ ቆየ። በዚህም ሙሉ የዘር መረጃው የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ።

እንግዲህ ሎጂኩን ተከተሉኝ። ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዩራሲያ ወደ አፍሪካ ቀንድ ሕዝብ ፈልሷል። ባይራ የሞተው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ያ ቅልቅል አልነካውም። የዛሬን አፍሪካዊ ከእሱ ጋር ብናነጻጽር፣ በኋላ የመጣው ምን ያህል እንደሆነ መለካት እንችላለን ማለት ነው። በበኩሌ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ አስተሳሰብ ደስ ይለኛል።

የካምብሪጁ አንድሪያ ማኒካና ጓደኞቹ ውጤታቸውን በጥቅምት 2015 ሳይንስ በተባለው ጆርናል ላይ አወጡ። የዩራሲያው ቅልቅል በአፍሪካ ቀንድ አልቆመም፤ መላውን አህጉር አዳርሷል አሉ። የምዕራብ አፍሪካዎቹ ዮሩባና የኮንጎ ጫካዎቹ ምቡቲ ሳይቀሩ ከ6 እስከ 7 በመቶ አላቸው ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ።

ከዚያ ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ወስደው በራሳቸው መንገድ ቢያሰሉት፣ የዮሩባና የምቡቲው ነገር አልወጣላቸውም። ማኒካና ጓደኞቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲያጣሩ ጉዱ ታየ። ከአንድ ሶፍትዌር የወጣውን መረጃ ለሌላው እንዲስማማ የሚያደርግ አንድ እርምጃ ተዘሏል። በዚህ ምክንያት ባይራ ከማመሳከሪያው የሰው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች ከስሌቱ ወድቀዋል። የሁለት ወንድማማቾችን መልክ ስታወዳድሩ የሚመሳሰሉበትን ሰርዛችሁ የሚለያዩበትን ብቻ ብትቆጥሩ፣ ባዕድ መስለው መታየታቸው አይቀርም። የሆነውም ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ሎጂኩ አልተሰበረም። የተበላሸው የገባበት መረጃ ነው፤ ትክክለኛ አካሄድ ደግሞ የተበላሸ መረጃን ይዞ በልበ ሙሉነት ወደ ስህተት ያደርሳል። ካርል ፖፐር ዕውቀት የሚያድገው በግምትና ግምቱን ለማፍረስ በሚደረግ ሙከራ ነው ሲል ይኼ አይነቱን ሳያስብ አልቀረም። ማፍረስ ደግሞ የሚቻለው መረጃው ለሌላ ሰው እጅ ሲደርስ ነው። ደራሲዎቹም አላንገራገሩም። በ2016 እርማት ወጣ፤ «በመላው አፍሪካ አህጉር» ይል የነበረው የጽሑፉ ርዕስ «በምሥራቅ አፍሪካ» ተብሎ ተቀየረ። የምሥራቅ አፍሪካው ግኝት ግን እንደጸና ነው። ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁና አንድ ነገር ልበል፦ እኛ ሙያ ውስጥ እርማት በውስጥ ገጽ ጥግ የምትጣል አራት መስመር ናት፤ ርዕስ የሚቀይር የለም።

ታዲያ ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ጭቅጭቅ ለኛ ምናችን ነው? ባይራ ከዛሬ ሕዝቦች በጣም የሚቀርበው ለአሪዎች ነው። በአሪ አንጥረኛውና ገበሬው አይጋቡም፤ በጋሞም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ የሚያለፋው ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። የሁለቱ የአሪ ወገኖች ዲ.ኤን.ኤ. የተለያየ ሆኖ ሲገኝ ምናልባት አንጥረኞቹ የጥንት ነዋሪዎች ዘር፣ ገበሬዎቹ ደግሞ በኋላ የመጡ ይሆናሉ ተብሎ ነበር። መለያየታቸው እውነት ነው። ከመለያየት ተነስቶ መነሻቸው ሌላ ሌላ ነው ማለት ግን ዝላይ ነው፤ ልዩነት በሌላ መንገድም ይፈጠራልና። ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ይህችን ዝላይ ይዘው ፈተኗት። መነሻቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። አንጥረኞቹ ተገልለው እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ ቁጥራቸው አነሰ፣ ዘራቸውም የተለየ መሰለ። ልዩነቱን ያመጣው መገለሉ ነው ማለት ነው። ይህ ጥናት የታተመው በነሐሴ 2015፣ የባይራ ዜና ዓለምን ከማዳረሱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው።