ሲዲው በእጄ፣ ቁልፉ በእነሱ

በጁን 2013 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሶኒ ግማሽ ደቂቃ እንኳን የማይሞላ ቪዲዮ ለቀቀ። ሹሄ ዮሺዳ እና አዳም ቦይስ የተባሉ ሁለት የኩባንያው ኃላፊዎች በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጌም ለጓደኛ እንዴት እንደሚዋስ ያስተምራሉ። ትምህርቱ አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው፤ አንዱ የጌሙን ሣጥን ለሌላው ይሰጠዋል፣ ያኛው አመስግኖ ይቀበላል። አለቀ።

የቀልዱ ዒላማ ማይክሮሶፍት ነበር። አዲሱ ኤክስቦክስ ዋን በ24 ሰዓት ውስጥ አንዴ ኢንተርኔት ካላገኘ ጌም እንደማያጫውት፣ በሲዲ የተገዛውን ማዋስና መሸጥም ገደብ እንደሚኖረው አስታውቆ የተጫዋቾች ቁጣ ወርዶበት ነበር። ጁን 19 ቀን ማይክሮሶፍት ሐሳቡን አጠፈ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2024፣ ያው ቀልደኛው ሶኒ ያን ጊዜ 700 ዶላር ያወጣ የነበረውን ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ያለ ሲዲ ማስገቢያ ለገበያ አቀረበ። ማስገቢያ የፈለገ ለብቻው ይግዛ ተባለ።

ጌም በሲዲ ይሻላል ወይስ በዳውንሎድ? ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ መደርደሪያ ውበት፣ ስለ ዋጋና ስለ ሃርድ ዲስክ ቦታ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያየው ግን ጠቡ ከኢንተርኔት ይቀድማል፤ ጠቡም ስለ ፕላስቲክ አይደለም።

ካሴት የወለደው ገበያ

በ1972 የወጣው ማግናቮክስ ኦዲሲ ካርዶች ነበሩት፤ ነገር ግን ካርዶቹ ማሽኑ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ከመቀያየር በቀር ጌም አልያዙም። ጌሙ ራሱ በእጅ የሚያዝ ዕቃ የሆነው በ1976 ነው። በፌርቻይልድ ኩባንያ ውስጥ ጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄሪ ላውሰን የመራው ቡድን ቻነል ኤፍ የተባለውን ማሽን ሠራ፤ ጌሙ በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ባለ ቺፕ ላይ ተቀምጦ፣ ልጅ እንደ ልቡ ቢነቅለውና ቢሰካው የማይበላሽ ሆነ። እኛ አገር «የጌም ካሴት» ያልነው የዚህ ዘር ነው።

ካሴቱ ኩባንያዎች ያላሰሉትን አንድ ነገር ይዞ መጣ። ዕቃ የሆነ ነገር ይዋሳል፣ ይሸጣል፣ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል። ሕጉም በዕቃው ባለቤት ወገን ነበር። ካሴቱ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ልብ ወለድ ሲያወጣ «ከ1 ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ በመጽሐፉ ውስጥ አትሞ ነበር። ሜሲስ የተባለው መደብር በ89 ሳንቲም ሸጠው። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1908 ፍርድ ቤቱ አሳታሚው አንዴ ከሸጠ በኋላ በዚያች ቅጂ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴም፣ የአሮጌ ጌም ነጋዴም በአሜሪካ የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው ሽያጭ አምስት ሳንቲም አያገኙም። ስለዚህም ጌሙን እየሸጡ ዕቃውን ላለመስጠት ገና በጠዋቱ መንገድ መፈለግ ጀመሩ።

በስልክ ሽቦ የመጣ ጌም

በ1983 አሜሪካ ውስጥ ጌምላይን የሚባል አገልግሎት ተከፈተ። አታሪ የተባለው የጌም ማሽን ላይ የሚሰካ መሣሪያ በቤት ስልክ እየደወለ ጌም ያወርዳል፤ የወረደው ጌም ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሠራና ያበቃል። የጌም ገበያው በዚያው ዓመት ስለተንኮታኮተ አገልግሎቱ ዕድሜ አላገኘም። ከፍርስራሹ የተነሣው ኩባንያ ግን በኋላ ዓለም ኤኦኤል ብሎ ያወቀው ሆነ።

በ1986 ኒንቴንዶ በጃፓን ከዚህ የበሰለ ዘዴ አመጣ። ደንበኛው ቢጫ ዲስኩን ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ማሽን በ500 የን የድሮውን ጌም ፍቆ አዲስ ይጽፍለታል። ዋጋው ከአዲስ ካሴት እጅግ የረከሰ ነበር፤ አገልግሎቱም እስከ 2003 ዘለቀ። ይህን ታሪክ ሳነብ ትዝ የሚሉኝ የብራና መጻሕፍቶቻችን ናቸው። የአገራችን ጸሐፍት መጽሐፉን የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የፋቀውንም የሚያወግዝ ቃል ያሰፍሩ ነበር። ፊደል በፍቀት እንደሚጠፋ፣ ቆዳው ቀርቶ ቃሉ ሊሄድ እንደሚችል ያውቃሉ። በጃፓኑ ሱቅ ውስጥ ቢያንስ ፍቀቱን የሚያዘው ባለ ዲስኩ ራሱ ነበር።

በ1994 የመጣው ሴጋ ቻነል ያንንም አስቀረ። ጌሙ በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ይመጣል፤ ወርኃዊ ክፍያ ይከፈላል፤ ዝርዝሩ በየጊዜው ይለዋወጣል። ማሽኑ ሲጠፋ ጌሙም ከውስጡ ይጠፋል። በ1998 ተዘጋ። የዛሬው የጌም ኪራይ መልኩ ሁሉ እዚያ አለ፤ የጎደለው ፈጣን ኢንተርኔት ብቻ ነበር።

የሲዲ ዘመን፣ በእነሱም በእኛም አገር

ሶኒ በ1994 መጨረሻ ፕሌይስቴሽንን ሲያወጣ ሲዲን መረጠ። ኒንቴንዶ በ1996 ባወጣው ኒንቴንዶ 64 በካሴት ጸና። አንድ ሲዲ 650 ሜጋ ባይት ገደማ ሲይዝ ትልቁ የኒንቴንዶ 64 ካሴት 64 ሜጋ ባይት ነው፤ ሲዲ ማተሙም ርካሽ ነበር። ስኩዌር የተባለው ጌም ሠሪ የቆየ ወዳጁን ኒንቴንዶን ትቶ ፋይናል ፋንታሲ 7ን በ1997 በሦስት ሲዲ ለፕሌይስቴሽን አወጣ።

ሲዲ ርካሽ ሲሆን ለመቅዳትም ርካሽ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፕሌይስቴሽን 2ቱ ቺፕ የገባለት፣ ሲዲው በእስክሪብቶ ስሙ የተጻፈበት ኮፒ። ቀይ ስክሪን ሲመጣ ባለቤቱ ሲዲውን አውጥቶ በአፉ እፍ ይልበታል፣ በካናቴራው ጫፍ ከመሀል ወደ ውጭ ይጠርገዋል፣ እምቢ ካለ የጥርስ ሳሙና ይቀባዋል፤ ያም ካልሆነ ማሽኑን በጎኑ ያቆመዋል። ወረፋ የያዝነው ልጆች ትንፋሻችንን ውጠን ስክሪኑን እናያለን። ሕጋዊ እንዳልነበር ግልጽ ነው። በብር የሚንቀሳቀስ ተራ የባንክ ካርድ ውጭ አገር ካለ ሱቅ ስለማይገዛ፣ ዋናው ሲዲም በሰፈር ሱቅ ስለማይገኝ፣ የነበረው በር ግን ያ ነበር። ቀጥሎ በመጣው ዘመንም ሲዲ ሲቀር ወደ ኦንላይን ሱቅ አልሄድንም፤ ሃርድ ዲስክ ተሸክመን «ጌም እንጭናለን» የሚል ወረቀት ወደተለጠፈበት ሱቅ ሄድን።

ሲዲው ቁልፍ ብቻ ሲሆን

መታጠፊያው 2004 ነው። ቫልቭ የተባለው ጌም ሠሪ በዓመቱ መጨረሻ ሃፍ ላይፍ 2ን በሲዲም ሸጠ፤ ሆኖም ሲዲውን የገዛውም ሰው ከአንድ ዓመት በፊት በተከፈተው የኩባንያው የኦንላይን አገልግሎት፣ ስቲም ላይ ሳይመዘገብና በኢንተርኔት ሳያስፈቅድ መጫወት አልቻለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰርቨሮቹ ስለተጨናነቁ ሣጥኑን ታቅፎ የተቀመጠ ገዢ ብዙ ነበር። ዕቃው በእጁ ነው፤ በሩን የሚከፍተው ግን ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚህ ማስፋፊያ ነው። ኮናሚ በ2014 በነጻ የለቀቀውን ፒ.ቲ. የተባለ አስፈሪ ጌም በ2015 ከሱቁ አነሣው፤ አውርደውት የነበሩት እንኳ ካጠፉት በኋላ መልሰው ማውረድ ስላልቻሉ፣ ጌሙ ያለበት አሮጌ ፕሌይስቴሽን 4 በውድ ዋጋ ለሽያጭ ይቀርብ ጀመር። ዩቢሶፍት ደግሞ በ2014 የሸጠውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨሩን በማርች 31 ቀን 2024 ዘጋ። ብቻውን የሚጫወተውም ሰው ሰርቨሩን ይፈልግ ስለነበር ሲዲውን መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠውና ያወረደው እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በዚህ የተቆጡ ተጫዋቾች «ጌም መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ጀምረው በ2025 በአውሮፓ ኅብረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። በዚያው ዓመት የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 አንዳንድ ጌሞቹን «የቁልፍ ካርድ» በሚባል ካሴት ይሸጣል። ካሴቱ ይነካል፣ ይዋሳል፣ ይሸጣል፤ ውስጡ ግን ጌሙ የለም፣ ከኢንተርኔት የማውረጃ መብት ብቻ ነው ያለው።

ብራናውን የሚፍቀው እንግዲህ ሌባ አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ ነው፣ ያውም በገዢው ቤት። የ1908ቱ ፍርድም እዚህ አይደርስም፤ ዳውንሎድ የሚሸጠው እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ መጠቀሚያ ፈቃድ ነውና። አንድ የፈረንሳይ የሸማቾች ማኅበር በስቲም የተገዛ ጌም መልሶ መሸጥ ይፈቀድ ብሎ በ2019 ፓሪስ ላይ ረትቶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2022 ሻረው።

ፕላስቲክም ዘላለማዊ አይደለም

ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲያው ሲዲ!» ለሚል ችኩል አንድ ማቆሚያ አለ። ብዙ የድሮ ካሴቶች ሴቭ የሚያደርጉት በትንሽ ባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲሞት የዓመታት ልፋት አብሮ ይሞታል። ሲዲ ይጫጫራል፣ ሽፋኑ ይበላሻል፤ ሲዲው ቢተርፍ የሚያነበው ማሽን ይጠፋል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 ከመቶው በአዲስነት ለሽያጭ አይቀርቡም ነበር። አብዛኞቹ ደግሞ በካሴትና በሲዲ የተሸጡ ነበሩ።

በአንጻሩ ዳውንሎድ ሁሉ ኪራይ አይደለም። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት፣ በ1990ዎቹ ዋርሶ ውስጥ ሲዲ በመሸጥ የጀመረው ኩባንያ፣ በ2008 ጂኦጂ የሚባል ሱቅ ከፈተ። እዚያ የተገዛ ጌም ፋይሉ ወርዶ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፤ ሱቁ ነገ ቢዘጋ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጫናል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ ሕግም መስመሩን ያሰመረው እዚሁ ላይ ነው። ዲጂታል ሻጭ «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን እንዲናገር ያስገድዳል፤ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚቀመጠውን ግን ከግዴታው ነጻ ያደርጋል። ፍላሽ ላይ ያለው የጂኦጂ ፋይል ከኒንቴንዶ የቁልፍ ካርድ ይልቅ «ዕቃ» ነው ማለት ነው። ወሳኙ ጥያቄ ጌሙ ሲከፈት ያስፈቅዳል ወይስ አያስፈቅድም የሚለው ነው።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። አክስቱ ከዳላስ ልትመጣ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 ታመጣለታለች። «ጋሼ፣ ሲዲ የሚወስደው ይሁን የማይወስደው?» አለኝ። የሚወስደው ይሁን አልኩት። የዶላር ካርድ የሌለው ልጅ ያገለገለ ሲዲ ከጓደኛው በብር ይገዛል፣ ሲሰለቸው ይሸጣል፤ በሌላኛው ግን በየጊዜው አክስቱን የጊፍት ካርድ ኮድ ሲለምን ይኖራል። ቀጥዬም፣ «የሚያሳሳህን ጌም ግን መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፍተህ ሞክረው፤ ከተከፈተ ያንተ ነው» አልኩት።

«ፊፋስ?»

ፊፋ እንኳ የለም፤ የስም ውሉ ስላበቃ ስሙ ተቀይሯል፣ በ2023 ደግሞ አሮጌዎቹ ፊፋዎች ከዲጂታል ሱቆች ወርደዋል። የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያሉት የተጫጫሩ ሲዲዎች ግን አሁንም ይሠራሉ። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «እሱማ በየዓመቱ ይቀየር የለ፣ ማን ያስቀምጠዋል?»

እውነቱን ነው። በዓመቱ ለሚጣል ጌም ኪራይ አይከፋም፤ ክፋቱ ኪራዩን «ግዛ» ብሎ መሸጡ ላይ ነው።