ሰው ታሰረ ሲባል መዝገቡን የት እናገኘዋለን? ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ ይሄ ነው፦ «ወንድሜ ትናንት ተይዟል አሉኝ፤ የት እንዳለ በስልክ ማየት ይቻላል ወይ?» ዛሬ መልሱን በዝርዝር ይዘን መጥተናል። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ሴቭ አድርጉት። የሚያስፈልግበት ቀን ሳይታሰብ ነው የሚመጣው።

አጭሩ መልስ፦ በስልክ አይታይም። መዝገቡ ግን አለ። ወረቀት ላይ ነው፣ ያለውም የሆነ ቢሮ ውስጥ ነው። ቤተሰብ የሚንከራተተው ሰውየው የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ሳያውቅ የማይመለከተውን በር ሲያንኳኳ ነው። በዚህ መሀል የችሎት ቀን ያልፋል፣ ዋስ የሚሆን ሰው ሳይቀርብ ይቀራል፣ የይግባኝ ጊዜም ያልቃል።

■ ውጭ አገር ያለውና እኛ ጋ ያለው

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩበት ሚኒሶታ ለምሳሌ፣ የሄነፒን ካውንቲ እስር ቤት የያዛቸውን ሰዎች ዝርዝር በድረ ገጽ ያወጣል። ስም ጽፎ መፈለግ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶችም እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ያሰሯቸውን በስም የሚያሳይ ገጽ አላቸው። በኢሚግሬሽን ጉዳይ የተያዘ ሰው ደግሞ በስሙና በተወለደበት አገር ይፈለጋል። እዚያ ዘመድ የምትፈልጉ ከሆነ ስሙን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ጻፉ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ላይመጣ ይችላል።

እኛ ጋ ለሕዝብ የተከፈተ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለም። ፖሊስ ጣቢያው፣ ፍርድ ቤቱና ማረሚያ ቤቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። ስለዚህ ፍለጋው በእግር ነው። በሥርዓት ከተሄደ ግን ብዙ አያንከራትትም።

■ መጀመሪያ እነዚህን ሕጎች ያዙ

ቢሮ ስትገቡ በትህትና የምትጠቅሷቸው ናቸው። ሁሉም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ አሉ።

– አንቀጽ 19፦ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከ48ቱ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም የሚል የለበትም። ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት የተያዘ ሰው ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 48 ሰዓቱ ሞልቷል።

– አንቀጽ 20፦ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት አለው። እስኪፈረድበት ድረስም እንደ ንጹሕ ይቆጠራል።

– አንቀጽ 21፦ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት አለው።

አንድ ነገር እንጨምር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጥር 2016 ለ4 ወራት ተራዝሞ በግንቦት ማብቂያ ላይ ጊዜው አልቋል። በዚያን ወቅት ሰዎች ከመደበኛው ማቆያ ውጭ ጭምር ይያዙ እንደነበር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) መግለጹ ይታወሳል። ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ «48 ሰዓት የሚባል ነገር ቀርቷል» ብሎ ያስባል። አልቀረም። አዋጁ ካበቃ በኋላ በሕግ ደረጃ የሚሠራው መደበኛው ሥርዓት ነው።

■ ደረጃ 1፦ ፖሊስ ጣቢያ

ፍለጋው ከተያዘበት ቦታ ይጀምራል። ማንኩሳ ላይ ከተያዘ መጀመሪያ ማንኩሳ ነው የሚጠየቀው። ጣቢያው ወደ ማረፊያ ክፍል የሚገቡትን ሰዎች ስም የሚጽፍበት መዝገብ አለው። በር ላይ ያለው ጥበቃ «የለም» ካለ አትመለሱ፤ ተረኛውን መኮንን ጠይቁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ጉዳዩ በመደበኛው አሠራር የሚታየው ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት አካባቢ ፍርድ ቤት ነው። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ዋናው መንገድ ላይ ናት። ልጁ ማንኩሳ ተይዞ ጉዳዩ ግን የቡሬ ከሆነ፣ እናት ፍኖተ ሰላም በር ላይ ስትጠብቅ እሱ ቡሬ ይሆናል። ስለዚህ «አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። እነዚህን 4 ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. አሁን ያለው የት ነው? ከተዛወረ ወዴት፣ መቼ?
2. የተጠረጠረው በምንድን ነው? ድርጊቱ የተፈጸመውስ የት ነው ተባለ?
3. መርማሪው ማን ይባላል? የምርመራ መዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው?
4. ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼና የት ነው?

ስም ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጁ ሰፈር ውስጥ በቤት ስሙ ይጠራ ይሆናል፣ መታወቂያው ላይ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውንና የተያዘበትን ቀን ይዛችሁ ሂዱ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» በተለያየ ፊደል ሊጻፉ ስለሚችሉ ሁለቱንም እዩልኝ በሉ።

ጉዳዩ ቀላል ከሆነ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28 መሠረት፣ ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ መልቀቅ ይችላል። ለዚህ ነው ቶሎ ማግኘቱ ዋጋ ያለው።

■ ደረጃ 2፦ የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ጊዜ ቀጠሮ

ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ተጠርጣሪውን ፍርድ ቤት አቅርቦ ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። ጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ይሄ ነው። በዚያው ሕግ አንቀጽ 59 ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀን ከ14 አይበልጥም። ቀኑ ባለቀ ቁጥር ሰውየው ተመልሶ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

እዚህ የምትሄዱት ወደ ሬጅስትራር ወይም መዝገብ ቤት ነው። ስሙን ሰጥታችሁ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቁጥር (አባቶቻችን ዶሴ ቁጥር የሚሉትን) ጻፉ። ልብ በሉ፣ ይሄ ከፖሊሱ ቁጥር የተለየ ነው። የፖሊሱን ቁጥር ፍርድ ቤት ይዞ ሄዶ «አልተገኘም» መባል የተለመደ ነው።

ከመዝገቡ የምትፈልጉት፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀንና ሰዓት፣ ችሎቱ የትኛው እንደሆነ፣ ዋስትና ተጠይቆ ከሆነ ምን እንደተባለ። ዋስትና ከተፈቀደ ስንት ብር ወይም ምን ዓይነት ዋስ እንደሚያስፈልግ አስረግጣችሁ ጠይቁ። ከተከለከለም በሕጉ አንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

ችሎቱ ክፍት ከሆነ ገብታችሁ ተቀመጡ። ስልክ ግን አጥፉ። ያለ ፈቃድ መቅረጽና ፎቶ ማንሳት ራሳችሁን ጣጣ ውስጥ ይከታል።

■ ደረጃ 3፦ ዐቃቤ ሕግ እና ክስ

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ብዙ ቤተሰብ «መዝገቡ ጠፋ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። አልጠፋም፤ ቢሮ ቀይሯል። ሕጉ ዐቃቤ ሕጉ የፖሊስን መዝገብ ከተቀበለ በኋላ ክስ ለመመሥረት 15 ቀን ይሰጠዋል (አንቀጽ 109)። መዝገቡ እዚህም ሦስተኛ ቁጥር ያገኛል።

ክስ ከተመሠረተ ቀለል ያለው ጉዳይ በወረዳ ፍርድ ቤት፣ ከበድ ያለው ፍኖተ ሰላም ባለው የምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። ይግባኙ እንደ ጉዳዩ እስከ ባሕር ዳር፣ የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ይሄዳል። ጉዳዩ የፌዴራል ነው ተብሎ ሰውየው አዲስ አበባ ከተወሰደ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ልደታ ታገኙታላችሁ።

ተከሳሹ የክሱ ቅጂ ይደርሰዋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል። ይሄም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው፣ አንቀጽ 20። ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ለችሎቱ ይናገር።

■ ደረጃ 4፦ ማረሚያ ቤትና የውሳኔ ግልባጭ

ፍርድ ቤት ማረሚያ ቤት ሆኖ ይከታተል ካለ ወይም ከተፈረደበት የምትጠይቁት የማረሚያ ቤቱን መዝገብ ቤት ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመጠየቂያ ቀንና ምን ምግብና ልብስ እንደሚገባ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከተፈረደ በኋላ ግን ትልቁ ሥራ የውሳኔውን ግልባጭ ማውጣት ነው። በ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 187 ይግባኝ የሚል ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ግልባጩ ከደረሰው በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ ያስገባል። «እናት ሲመቻት ታወጣዋለች» ተብሎ የሚቆይ ነገር አይደለም። ፍርዱ በተነበበበት ቀን ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ቀን መዝግቡ። የቀን አቆጣጠሩን ከሬጅስትራሩ ጋር አረጋግጡ።

■ በየትኛውም ቦታ ካልተገኘስ?

48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ ወይም ሁሉም «እኛ ጋ የለም» ካሉ፣ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 ተቀምጧል። የተያዘው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሆኖ በቃለ መሐላ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ሰውየውን የያዘው አካል አቅርቦት ለምን እንደያዘው እንዲያስረዳ ያዛል።

ሁለተኛ፣ ኢሰመኮ። ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አለው። በ2012 በተሻሻለው አዋጁ ማቆያ ቦታዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን አለው። አቤቱታው ነጻ ነው።

ሦስተኛ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ አገልግሎት ይሰጣሉ። አቤቱታ ለማጻፍ መጀመሪያ እነሱን ሞክሩ።

■ ታዲያ ስልካችሁ ምን ይሠራል?

ብዙ ይሠራል። የራሳችሁን መዝገብ ያዙበት። አንድ ኖት ክፈቱና የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን፣ ያነጋገራችሁትን ሰው ስምና ኃላፊነት፣ ሦስቱን የመዝገብ ቁጥሮች፣ ቀጠሮዎቹን ጻፉ። እጃችሁ የገባውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሱ። ለሌላ አንድ የቤተሰብ ሰው ላኩ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እንዲኖራችሁ ወረቀት ላይም ገልብጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠበቃ ፊት ስትቀመጡ ይሄ ኖት ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

■ እነዚህን ደግሞ አታድርጉ

– «ልጃችሁ እኛ ጋ ነው፣ በቴሌብር ይህን ያህል ላኩና ይፈታል» የሚል ስልክ ከመጣ አትላኩ። ዋስትና ብር የሚያዘው በትእዛዝ ነው፣ ሲከፈልም ደረሰኝ አለው። መጀመሪያ የመዝገብ ቁጥር ጠይቁ።

– የተያዘ ሰው ፎቶ «ሌባ» ወይም ሌላ ስም ለጥፋችሁ አታጋሩ። በነጻ ሊለቀቅ ይችላል፣ ፎቶው ግን አብሮት ይኖራል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ እንደፈለጉ መጠቀምን ይገድባል። እኛም በገጻችን የተጠርጣሪ ፎቶ የማንለጥፈው ለዚህ ነው።

– «ጠፋ፣ አፋልጉን» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ጉዳዩን ያወሳስባል።

ይሄ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም። ግን አንድ እናት ከገጠር ቀበሌ ወጥታ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያለች ስትዞር፣ አጠገቧ ያለው ልጅ ስልክ ያለው እናንተ ናችሁ። አራቱን ጥያቄዎች አብራችኋት ጠይቁ፣ ቁጥሩን ጻፉላት፣ የቀጠሮውን ቀን አስታውሷት።

ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት። ያልገባችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የታሳሪውን ስም ግን አስተያየት መስጫ ላይ አትጻፉ።