የዐፄ ቴዎድሮስ 2ኛ ሐውልት
ፒያሳ፣ ጎንደር

የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ፤ ሐውልታቸው የቆመው በዚህችው ከተማ እምብርት ነው።

መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ሜዳ በእንግሊዝ ጦር በተሸነፉ ማግስት፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ለጦሩ አዛዥ ለናፒየር ደብዳቤ አጻፉ። የአገራቸው ሰው ግብርንና የጦር ሥርዓትን ጠልቶ እንደተነሣባቸው፣ የሚወዷቸውም በጥይት ደንግጠው እንደሸሹ ገለጹ። ድል የነሷቸው ሥርዓት የያዙ ሰዎች መሆናቸውንም አልካዱም። በሠራዊታቸው ጀግንነት ሲመኩ የኖሩት ንጉሥ፣ ፍርሃት ሥልጣንን እንዴት እንደሚንድ በራሳቸው ቃል መሰከሩ።

ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች የንጉሡን ምሽግ መቅደላን ሲወጡ፣ እጅ ከመስጠት ይልቅ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላኩላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።