የጸደቀ መድኃኒት በማን ላይ ተፈተነ?



ሕዝባችን «ቁርጥማት» ብሎ ከሚጠራቸው ሕመሞች አንዱ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ መገጣጠሚያውን ሲወጋ የሚመጣ፣ በወቅቱ ካልታከመም ጣትን የሚያጣምም ደዌ ነው። ለዚህ ደዌ አዲስ መድኃኒት በውጭ አገር በጸደቀ ቁጥር «ለእኛስ መቼ ይደርሰን ይሆን?» ይባላል። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱ የተፈተነው የት፣ በማንስ ላይ ነው?

ጥያቄውን ያገኘሁት እዚሁ ከደጃችን ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላ-አዛር ወረርሽኝ ታወቀ። ወደ ሁመራና መተማ እርሻዎች የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች የሚያውቁት የቆላ በሽታ ደጋ ወጣ። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ስለታሰበ ምርመራው ዘገየ፤ ሕይወትም ጠፋ። በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ። (ይህ ታሪክ፣ በእኔ እምነት፣ ከጋፋት መድፍ ባልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል።)

መዳኛው ለ30 ቀናት በየዕለቱ በመርፌ የሚሰጠው፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችለው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር። በዚያው ዘመን ፓሮሞማይሲን የተባለ መድኃኒት በሕንድ ተፈትኖ ከ100 ሕሙማን 95 ያህሉን በማዳኑ እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ጸደቀ። ያንኑ መጠን፣ ለዚያው 21 ቀን፣ ጎንደርንና አርባ ምንጭን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ማዕከላት ሲፈትኑት ግን የዳኑት 64 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። አሮጌው መድኃኒት 92 ከመቶ አድኗል። ተመራማሪዎቹ አዲሱን አልጣሉትም፤ ከአሮጌው ጋር አጣምረው ሕክምናውን ወደ 17 ቀን አሳጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ጥምረቱን ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። በአጨዳ ወቅት 13 ቀን ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለደቡብ ጎንደር ሰው አልነግርም።

ወደ መገጣጠሚያው ደዌ ልመለስ። ኢንፍሊክሲማብ ለሩማቶይድ አርትራይተስ በአሜሪካ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2001 ግን መድኃኒቱን ከወሰዱ ሰዎች መካከል 70ዎቹ በቲቢ መታመማቸው ታትሞ ወጣ። መድኃኒቱ የሚያዳክመው ያንኑ፣ በሰውነት ውስጥ የተኛውን የቲቢ ተህዋስ አጥሮ የሚይዘውን ኃይል ነውና። ቲቢ ብርቅ በሆነበት አገር የተመዘነ ጥቅምና ጉዳት በእኛ አገር እንደገና ሊመዘን ግድ ነው። በ2012 የጸደቀው እንክብል፣ ቶፋሲቲኒብም ቢሆን፣ ስለ ልብ ሕመም ጠንካራ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ከ9 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ደብረ ታቦር ላይ ጣቶቿ ያበጡባት እናት «አዲሱ መድኃኒት ይታዘዝልኝ» ብትል፣ ሐኪሟ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ቲቢ በውስጧ ተኝቶ እንደሆነ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ርካሹ ሜቶትሬክሴትም በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክሮላት እንደሆነ።