መረንዝና አጋም፦ የሁለት ተመሳሳይ ዕፅዋት ታሪክ

በአገራችን ቁጥቋጦዎች ውስጥ መረንዝና አጋም ጎን ለጎን በቅለው ይገኛሉ። የአጋም ፍሬ ለእረኛ ልጆች ምግብ ሲሆን፣ መረንዝ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ከጥንት ጀምሮ የፍላጻ መርዝ ሲቀመምበት የኖረ ዛፍ ነው።

ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ የገባውና በ1878 አድዋ ላይ ያረፈው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ዊልሄልም ሺምፐር የመረንዝን ናሙና ወደ አውሮፓ ልኮ ነበር። የስዊዘርላንዱ ሊቅ አልፎንስ ደ ካንዶል በ1844 ተክሉን በሺምፐር ስም ሲሰይመው የመደበው ከአጋም ወገን፣ ከካሪሳ ነበር። አኮካንቴራ ወደሚባለው ወገን የተዛወረው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ሶማሌዎች ዋባዮ ከሚሉት የዚሁ ወገን ዛፍ እንጨት መርዙን በጠጣር መልክ ለይቶ አወጣ፤ ኡዋባይን የሚለው መጠሪያም ከዚሁ ስም የተወሰደ ነው። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ሶዲየምንና ፖታሲየምን በሴል ሽፋን ላይ የሚያመላልሰውን ኤንዛይም ካገኘ በኋላ፣ ኡዋባይን ይህን ኤንዛይም የሚገታ መሆኑ ለግኝቱ ማረጋገጫ ሆነ። ስኩም በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ኤንዛይሙ ሲገታ በልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፤ በጥቂቱ የልብን ጉልበት የሚያጠነክረው ይህ ለውጥ ሲበዛ ምቱን ያዛባል።

ሁለቱን ለመለየት በቅጠል ብቻ መተማመን አይገባም። የሁለቱም ቅጠሎች ወፍራም፣ አንጸባራቂና ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚበቅሉ ናቸው፤ ሲቀነጠሱም ነጭ ወተት ያወጣሉ። አበቦቻቸውም ነጭ ሆነው ወደ ሐምራዊ የሚያደሉና መዓዛቸው የሚያውድ ነው። ፍሬዎቻቸው ሲበስሉ ይጠቁራሉ። ዋናው መለያ እሾህ ነው፤ አጋም ጠንካራ እሾህ ሲኖረው መረንዝ የለውም። የመረንዝ ቅጠል ጫፍ ሹል ሆኖ ሊዋጋ ቢችልም፣ በቅርንጫፉ ላይ ግን እሾህ አይገኝም። የበሰለውን የመረንዝ ፍሬ የሚበሉ አካባቢዎች ቢኖሩም ያልበሰለው መርዛማ ነው።

ስለዚህ የሚያስታውክና የልብ ምቱ የዘገየ ወይም የተዛባ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «አጋም ነው የበላው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ሕክምናው ሳይጓተት፣ ቤተሰቡ የተክሉን ቅርንጫፍ እንዲያመጣ መጠየቅ ይገባል። ደ ካንዶል በአንድ ወገን የመደባቸውን ሁለት ዕፅዋት ለጤና ባለሙያው የሚለይለት ያ ቅርንጫፍ ነውና።