የጦና ንቦችና የጨዋታ መርሐ ግብር፦ እግር ኳስ በወላይታ ሩጫን ለምን በለጠ?

አንድ አገር ከሁለት ስፖርቶች አንዱን የልቡ አድርጎ ሌላውን ለምን ወደ ዳር ይገፋል ለሚለው ጥያቄ፣ በስፖርት ማኅበራዊ ጥናት ብዙ የተጠቀሰው መልስ የአንድሬ ማርኮቪትስና የስቲቨን ሄለርማን ነው። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት «ኦፍሳይድ» በተሰኘ መጽሐፍ እንደሚሉት፣ በየአገሩ ለስፖርት የሚተርፈው ቦታ ውስን ነው። ኢንዱስትሪና ከተማ በተስፋፋበት ዘመን፣ በግምት እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1930፣ ቀድሞ የገባው ስፖርት ቦታውን ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣው ደጅ ሲጠና ይኖራል። አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦልና የአሜሪካ ፉትቦል ስለቀደሙ እግር ኳስ ቦታ አጣ ይላሉ። ይህ መጣጥፍ የሚሟገተው ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው፤ የሙግቱ ማስረጃም ከወላይታ የተወሰደ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ እስካሁን የተጻፈውን እዚህ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። ሰሎሞን አዲስ ጌታሁንና ካትሪን ብሮምበር ጥሩ መሠረት ጥለዋል። ትኩረታቸው በአመዛኙ በአዲስ አበባና በማዕከላዊ ተቋማት ላይ ከመሆኑ በቀር ከእነሱ ጋር የምጣላበት ነገር የለኝም።

«ቀድሞ የገባ ቦታ ይይዛል» የሚለው ሐሳብ ወላይታ ላይ ሲፈተን መጀመሪያ የሚሰናከለው በዘመን ቆጠራው ነው። በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ድል ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ሶዶ የአስተዳደርና የገበያ ከተማ ሆና አደገች። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወላይታ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ማርኮቪትስና ሄለርማን ወሳኝ የሚሉት ዘመን ሊያልቅ የቀረው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ ወላይታ ፋብሪካም፣ የሠራተኛ ሰፈርም፣ በክፍያ የሚገባበት ሜዳም አልነበረውም። ቦታውን እግር ኳስም ሩጫም አልያዘውም። በባዶ ቦታ ላይ የተተከለ ሐሳብ ደግሞ ማን እንደሚቀድም ሊነግረን አይችልም። ሐሳቡ ለበለጸጉት አገሮች ብቻ የታሰበ ነው የሚል መከራከሪያ ይኖር ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ግን የስፖርት ሕግ ሳይሆን የጥቂት አገሮች ታሪክ ነው፤ በዚያው ስሙ ይጠራ።

ከመጽሐፉ የምቀበለው አንድ ነገር አለ። ደራሲዎቹ ሰዎች የሚሠሩትን ስፖርት ከሚከታተሉት፣ ከሚያወሩለትና ከሚያዝኑለት ስፖርት ይለያሉ። የወላይታ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድም ሲመለስም ይሮጣል። ሲሸነፍ እንቅልፍ የሚነሳው ግን ኳሱ ነው። መብራራት ያለበትም ይህ ልዩነት ነው።

ተራ መልሶቹ ቶሎ ይፈርሳሉ። ከፍታ ሯጭ ያወጣል ይባላል፤ ሶዶ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፣ ከበላይዋ የቆመው የዳሞታ ተራራም ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ በሯጮቿ ከታወቀችው ከበቆጂ ልጆች የተለየ ምክንያት አይሰጥም። ድል ያስወድዳል ይባላል፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ ለአገሪቱ ያመጣው ወርቅ ከእግር ኳሱ ጋር አይነጻጸርም። ብሔራዊ ቡድኑ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ነው። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ ውድድሩ ለመመለስም 31 ዓመት ጠብቋል። ርካሽ ስፖርት ይስፋፋል ይባላል፤ ከሩጫ የሚረክስ የለም። ወላይታ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ እንሰቱ፣ በቆሎውና ጎጆው መሬቱን ተሻምተውታል። መንገድ ለሯጭ ይበቃል፣ ኳስ ግን ሜዳ ይሻል። በዚህ ስሌት ማሸነፍ የነበረበት ሩጫ ነው።

መልሱ የሚገኝበት፣ እስካሁን ያልተነበበው ምንጭ የጨዋታ መርሐ ግብር ነው። በየክረምቱ የሚወጣው ያ ቀላል ወረቀት ማን ከማን፣ የት፣ መቼ እንደሚጫወት ይናገራል፤ ተመራማሪዎች ለውጤት ማጣሪያ ካልሆነ አያነሱትም። እኔ ግን የሁሉ ነገር ቁልፍ ነው እላለሁ። ሯጩ በውጭ አገር የሚሮጠው በአገሩ ማልያ ነው፣ በአገር ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመከላከያ፣ በፖሊስ ወይም በባንክ ክለብ ስም ነው። የተወለደበት ቀበሌ የሚነሳው ሲያሸንፍ ብቻ ነው። የሊግ መርሐ ግብር ግን የአካባቢን ስም ተሸንፎም ቢሆን በየሳምንቱ ይጠራል፤ ከሌሎች እኩል ይደረድረዋል፣ ጎረቤትን እንግዳ አድርጎ ያመጣለታል።

ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው በ1993 ዓ.ም.፣ በመማሪያ መጻሕፍት ቋንቋ የተነሳ ከተቀሰቀሰው ብርቱ ተቃውሞ በኋላ ነው። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ በ2001 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ተቀላቀለ። ቅደም ተከተል ምክንያት አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ደጋፊው ራሱን «የጦና ንቦች» ማለቱን በአጋጣሚ ማለፍ አይቻልም። በ1887 ዓ.ም. የተሸነፈው ንጉሥ ስም በስታዲየም ተመልሶ ተነሳ። ለዚያ ሕዝብ ስሙን በይፋ የሚጠራ ሌላ ቋሚ መድረክ ማን ሰጠው?

የ2010 ዓ.ም. ታሪክ ይህን ያጎላዋል። ድቻ የ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳቱ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳታፊ ሆነ። የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አልፎ የአህጉሪቱን ሻምፒዮና አምስት ጊዜ ካሸነፈው ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 ረታ፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተረታ፤ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። ቀጥሎ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ተገታ። የአገሪቱ ሯጮች በዚያው ዓመት ስንት ድል እንዳመጡ ሶዶ ላይ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የካይሮን መለያ ምት ግን የማያውቅ የለም።

ተመልካች የአካባቢውን ስም የሚጠራውን መርሐ ግብር እንደሚከተል የራግቢ ታሪክም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1895 በሀደርስፊልድ ከተማ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከዋናው ማኅበር ሲለዩ ምክንያቱ ሥራ ትተው ለሚጫወቱ ወዛደሮች የሚከፈል ካሳ ነበር፤ ራግቢ ሊግም ከዚያ ወጣ። መደብ ነው የለያቸው ይባላል። ታዲያ የደቡብ ዌልስ ከሰል ቆፋሪዎች ለምን ከነባሩ ማኅበር፣ ከራግቢ ዩኒየን ጋር ቀሩ? መደቡ አንድ ነው፤ ነገር ግን ላኔሊ፣ ስዋንሲና ኒዝ የየከተማቸውን ስም ይዘው የሚፋለሙበት መርሐ ግብር እዚያው ነበራቸው። በኒውዚላንድም አውራጃዎች እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ ለራንፈርሊ ጋሻ የተፋለሙት በዩኒየን ሥር ነው። ሲድኒ ላይ በአንጻሩ እነ ባልሜንና ሳውዝ ሲድኒ እ.ኤ.አ. በ1908 የሰፈራቸውን ስም ወደ ራግቢ ሊግ ይዘው ሲገቡ ተመልካቹ ተከተላቸው። ገንዘብ መለያየቱን ያስረዳል፤ ተመልካቹ የት እንደቀረ አያስረዳም።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስርጭት ነው ወጣቱን የሳበው የሚሉ አሉ። ስርጭቱ በሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት ነው፤ አርሴናልን መውደድም ሰውን ለድቻ ብሎ ሐዋሳ ድረስ አያስጉዝም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲካሄዱ የሜዳና ከሜዳ ውጭ ሥርዓት መቅረቱ ከዚህ መከራከሪያ ይከብዳል፤ የመርሐ ግብሩን ግማሽ ጉልበት ወስዷልና። ፍቅሩ አለመጥፋቱ ስሙ አስቀድሞ ሥር መስደዱን ያሳያል እንጂ ሐሳቤን አያፈርስም።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት። የዞኑንና የወረዳዎቹን የውድድር መርሐ ግብሮች፣ የዳኞችን ሪፖርቶችና የደጋፊ ማኅበሩን መዛግብት መሰብሰብ ያለበት ይህ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሊጉ አስተዳዳሪዎችም ድቻን በሶዶ ስታዲየም፣ በሕዝቡ ፊት እንዲጫወት ያድርጉት።